ስለ ሾባና የሥራ ሕይወት፦ የቱን ትታ ነው የቱን የያዘችው?

የኮዬዋ አሠልጣኝ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ በሳምንት 3 ቀን ከሥራ መልስ፣ ቅዳሜ ደግሞ ከጥዋት ጀምሮ፣ ከብሎካችን አጠገብ ባለው ኮሚናል ውስጥ 14 ልጆችን ባህላዊ ውዝዋዜ አስተምራለሁ። ጥያቄዬ ስለ አንዲት የደቡብ ሕንድ ተዋናይትና ዳንሰኛ ነው።

ባለፈው ክረምት «ቡል ቡላያ» የተባለውን የሕንድ ፊልም በአማርኛ ትርጉም አየሁት። ወደ መጨረሻው ላይ ሴትየዋ የምትደንስበት ትዕይንት ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ሳጠያይቅ፣ አንድ ጎረቤቴ ያየሁት ቅጂው እንደሆነ፣ ዋናው በማላያላም ቋንቋ በ1993 የተሠራው «ማኒቺትራታዡ» እንደሆነና በዚያ ላይ የተጫወተችው ሾባና የምትባል የተማረች ዳንሰኛ እንደሆነች ነገረኝ። ዋናውንም ፈልጌ ያለ ምንም ትርጉም አየሁት። ከንግግሩ አንዲት ቃል አልገባችኝም፤ ሴትየዋ ምን እንደሆነች ግን ከቅጂው ይልቅ በዚህኛው በደንብ ገባኝ፤ ለምን እንደሆነ ራሴም አላውቀውም።

ስለ እሷ ለማወቅ ስሞክር ያገኘሁት ወሬ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆነብኝ። አንዱ ፊልምን ትታ የዳንስ ትምህርት ቤት ከፈተች ይላል፤ ሌላው አሁንም ትሠራለች ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዕድሜዋ ሲገፋ ፊልም ፊቱን ሲያዞርባት ወደ ማስተማር የዞረች ያስመስላታል። ጉዳዩ ለእኔ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ከተማሪዎቼ መካከል የ15 ዓመት ልጅ አንዲት አለች፤ ትከሻዋን ስታንቀጠቅጥ እኔ ራሴ የማልችለውን ትሠራለች። በቅርቡ በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ እንድትጫወት ተጠየቀች። እናቷ ትወናውን ከጀመረች እስክስታው እዚያው ላይ ይቀራል ብላ ትፈራለች፤ አባቷ ደግሞ «በእስክስታ ማን ጎጆ ወጣ?» ይላል። እኔ ከመሀል ሆኜ የምመልሰው አጣሁ። ሾባና ሁለቱን እንዴት ይዛ እንደኖረች፣ የቱ የቱን እንደጠቀመው የሚያውቅ ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።


ጡረተኛው ዘለገጣፎ

ልጄ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ «የሕንድ ፊልም» ስንል በአብዛኛው በሙምባይ በሂንዲ የሚሠራውን ማለታችን ነው። እኔ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩን ሕንዶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከኬረላ የመጡ ነበሩ። አንድ ቀን ሲኒማ ቤት የሰማሁትን የሂንዲ ዘፈን ትርጉም እንዲነግሩን የፊዚክስ አስተማሪያችንን ጠየቅሁ። ሰውዬው ጠመኔውን አስቀምጠው ሳቁና፣ ያ ዘፈን ለእሳቸውም እንደ እኛው የሰው አገር ቋንቋ መሆኑን ነገሩን። የእሳቸው ቋንቋ ማላያላም ነበር። በደቡቡ የሕንድ ክፍል አራት ትልልቅ የፊልም ቋንቋዎች አሉ፤ የኬረላው ማላያላም፣ የታሚል ናዱው ታሚል፣ የአንድራና የቴላንጋናው ቴሉጉ፣ የካርናታካው ካናዳ። ሾባና የዚያኛው ዓለም ሰው ናት፤ በሂንዲው መስፈሪያ ከለኩዋት ሕይወቷ ጎዶሎ ይመስላል።

እኔ ግን ስለ እሷ ሳይሆን ስለ አክስቷ ነው የማውቀው። ራጅ ካፑር በ1960 በሠራው፣ በጋንጋ ወንዝ ስም በሚጠራው ፊልም ላይ ከእሱ ጋር የተጫወተችውን ሴት በዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ ያስታውሳታል፤ ፓድሚኒ ናት። ፓድሚኒና ሁለቱ እህቶቿ፣ ላሊታና ራጊኒ፣ «የትራቫንኮር እህትማማቾች» ተብለው የታወቁ ዳንሰኞች ነበሩ፤ ሾባና የእነሱ የወንድም ልጅ ናት። ፓድሚኒ ወደ ፊልም የገባችው በዳንስ በር ነው፤ መጀመሪያ የታየችው ታላቁ ዳንሰኛ ኡዳይ ሻንካር በ1948 ባወጣው ፊልም ውስጥ ነው። ካገባች በኋላ አሜሪካ ሄዳ በ1977 በኒው ጀርሲ የዳንስ ትምህርት ቤት ከፈተች።

እዚህ ላይ የምትወጂው ነገር አለ። ፓድሚኒ ለረጅም ጊዜ ከፊልም ርቃ ከቆየች በኋላ በ1984 በማላያላም ፊልም አያት ሆና እንድትጫወት ያመጣት ዳይሬክተር ፋዚል ይባላል። ከ9 ዓመት በኋላ አንቺ ያየሽውን ፊልም የሠራው ያው ፋዚል ነው። ስለዚህ ሾባና ትምህርት ቤት ስትከፍት ከቤተሰቡ መንገድ የወጣች አይደለችም፤ ገባችበት እንጂ።


ቼናይ የከረመው (ገላን)

ጋሼ ጥሩ መሠረት ጣሉልኝ። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ቼናይ፣ የድሮዋ ማድራስ ማለት ነው፣ ሁለት ዓመት ተኩል ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትንና የማውቀውን ልጨምር። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሾባና የተወለደችው በ1970 በኬረላ ዋና ከተማ በቲሩቫናንታፑራም ነው። ባራታናትያም የሚባለውን የደቡብ ሕንድ ጥንታዊ ዳንስ የተማረችው ግን ቼናይ ውስጥ፣ ከቺትራ ቪስዌስዋራንና ከፓድማ ሱብራማንያም ነው፤ ሁለቱም በዘርፉ ስማቸው ከፊት የሚጠራ መምህራን ናቸው። በማላያላም ፊልም በዋና ተዋናይትነት የጀመረችው በ1984፣ ባላቻንድራ ሜኖን ባዘጋጀው «ኤፕሪል 18» በተባለ ፊልም ሲሆን ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። ያቺ ልጅሽ 15 ዓመቷ ነው ማለትሽን ልብ ይሏል። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሩጫ ዓመታት ናቸው፤ በማላያላም፣ በታሚል፣ በቴሉጉ አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ በ1991 ማኒ ራትናም ባዘጋጀው «ታላፓቲ» ላይ ከታሚሉ የፊልም ኮከብ ከራጂኒካንት ጋር ተጫወተች። በጠቅላላው ከ200 በላይ ፊልም እንደሠራች ይነገራል፤ አብዛኞቹም በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ገደማ የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወሬው የተጣመመበት ቦታ ላይ እንምጣ። «ማኒቺትራታዡ» የወጣው በ1993 ዓመት መጨረሻ፣ በገና ቀን ነው። በዚያ ሥራዋ የሕንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት በምርጥ ተዋናይትነት አገኘች። ካላርፓና የተባለውን የዳንስ ትምህርት ቤቷን ቼናይ ውስጥ የከፈተችው መቼ ይመስልሻል? በ1994 ነው። ገና 24 ዓመቷ ነበር። ፊልም ፊቱን አዙሮባት ማስተማር ጀመረች የሚለው እንግዲህ ከነጭራሹ ስሕተት ነው፤ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው አዘጋጆች ደጇን በሚጠኑበት፣ ስሟ ከማንም በላይ በሚነሳበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የፊልሞቿ ቁጥር እየቀነሰ ሄደ፤ ቆይቶም በብዙ ዓመት አንድ ሆነ። ይህ እንደ መውደቅ የሚታየው ፊልምን ዋናው ሥራዋ አድርጎ ለሚቆጥር ሰው ነው። የእኔ እምነት ዋናው ሥራዋ ከመጀመሪያውም ዳንሱ ነበር፤ ፊልሙ ትልቅና ደማቅ ተጨማሪ ነው።

የቱ የቱን ጠቀመ ላልሽው የምመልሰው በሌላ መንገድ ነው። ቼናይ በተከራየሁበት ቤት ትይዩ አንዲት መምህርት በረንዳዋ ላይ ልጆች ታስተምር ነበር። ከጥዋቱ 12 ሰዓት ላይ መሬት ተቀምጣ ትንሽ የእንጨት ግንድ በዱላ ትመታለች፤ ያ ነው ከበሮው። በአፏም «ተይ ያ ተይ» እያለች ምቱን ትጠራለች። ልጆቹ ጉልበታቸውን ወደ ጎን ከፍተው፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ግማሽ ቁጢጥ እንዳሉ በእግራቸው መሬቱን ይመታሉ። ይህ ግማሽ ቁጢጥ «አራይማንዲ» ይባላል፤ የዳንሱ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። እኔ ሞክሬ ሁለት ደቂቃ አልሞላሁም፤ ጭኔ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሐሙስ ሐሙስ የሚደረገው ነበር። በዚያ ቀን እግር አይንቀሳቀስም። ልጆቹ ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዓይናቸውን ብቻ ያለማምዳሉ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ በሰያፍ ወደ ላይ፣ በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት። ቀጥሎ ቅንድብ ይመጣል። ቀጥሎ አንገት፤ አንገት ላይ የእኛዎቹ ልጆች የሚሸነፉ አይመስለኝም። እጅ ወደሄደበት ዓይን ይሄዳል፣ ዓይን ወደሄደበት ልብ ይሄዳል የሚለው ሕግ ለልጆቹ እንደ ሀ ሁ የሚነገር ነው።

በዚህ ዳንስ ውስጥ ታሪክን በፊት፣ በዓይንና በእጅ ጣት የመናገር ክፍሉ «አቢናያ» ይባላል። ስለዚህ ባራታናትያም የተማረች ልጅ ትወና ለብቻው አትማርም፤ ዳንሱ ውስጥ ተማረችው። ሆኖም ይህ ለካሜራ በቀጥታ ይጠቅማል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ እንዲያውም ይጎዳል። የመድረክ ፊት የሚሠራው ከ20 ሜትር ርቀት ለተቀመጠ ሰው ነው። ያንኑ ፊት ካሜራ ከአንድ ክንድ ርቀት ሲይዘው ጩኸት ይሆናል። ብዙ ዳንሰኞች ፊልም ላይ የተጋነኑ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ሾባና በእነዚያ የሩጫ ዓመታት የተማረችው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ያንን ፊት ማሳነስን ነው።

«ማኒቺትራታዡ» ላይ ያየሽውና ያልገባሽ ነገር ይኸው ይመስለኛል። ጋንጋ፣ ባሏን ተከትላ ወደ አሮጌው የቤተሰብ ቤት የመጣችው ሚስት፣ የምትጫወተው በትንሹ ፊት ነው፤ ትስቃለች፣ ትሰለቻለች፣ መጽሐፍ ታነባለች። ናጋቫሊ፣ ከታሚል ናዱዋ ከተማ ከታንጃቩር ተወስዳ በዚያ ቤት የተገደለችው የድሮዋ ዳንሰኛ፣ ስትመጣባት ግን ሾባና ለዓመታት ያሳነሰችውን የመድረክ ፊት ሙሉውን ትለቀዋለች። ባሏ አሁን አትሄጂም ብሎ ሲከለክላት የሚሆነውን መልሰሽ እይው። መጀመሪያ የሚቀየረው ድምፅም እጅም አይደለም፤ ዓይን ነው። የዓይኗ አከፋፈት ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፤ ከባዱን የእንጨት አልጋ በእጇ የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ባልየው በስሟ ሲጠራት ደግሞ ያ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይሟሟና፣ ምን እንደሠራች የማታውቅ የደከመች ሴት ትቀራለች። ሁለቱንም ፊት የማታውቅ ተዋናይት ከሁለቱ አንዱን ማስመሰል ነበረባት።


የሰበታዋ የታሪክ መምህርት

ከላይ የተጻፈውን በደስታ አነበብሁ። የወላጆቹ ፍርሃት ግን ታሪክ ያለው በመሆኑ እሱን በአጭሩ ላንሳ።

ዛሬ ባራታናትያም የክብር ጥበብ ነው፤ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ልጆቻቸውን ይልኩበታል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። ዳንሱ «ሳዲር» ተብሎ ይጠራ ነበር፤ የሚደንሱትም ለቤተ መቅደስ የተሰጡ፣ ዴቫዳሲ የሚባሉ ሴቶችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ጥበቡን ሰው ያደንቃል፤ ባለጥበቧን ግን ለልጁ አያጋባም። ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ አዝማሪን ሰርግ ላይ ጠርቶ ሲያስጨፍር ያመሸ ሰው፣ በማግሥቱ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ለስድብ ሲጠቀምበት ሰምተናል። በሕንድ እነ ሩክሚኒ ዴቪ ዳንሱን ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ዘመናዊ መድረክ አመጡት፤ እሷ ካላክሼትራ የተባለውን ተቋም ማድራስ ውስጥ የመሠረተችው በ1936 ነው። በ1947 ደግሞ ሴት ልጅን ለቤተ መቅደስ መስጠት በማድራስ በሕግ ተከለከለ። ጥበቡ ሲከበር፣ ለዘመናት ያቆዩት ቤተሰቦች ግን አብዛኞቹ ከመድረኩ ወጡ፤ ይህ ዛሬም የሚያከራክር ቁስል ነው።

ይህን ይዛችሁ ፊልሙን ስታዩት ናጋቫሊ ጭራቅ አትመስልም። ባለጸጋ ከሩቅ አገር ያመጣት፣ የምትወደው ሰው ትይዩ እያለ ከቤት እንዳትወጣ የተደረገች ዳንሰኛ ናት። የተከበረችዋ ጋንጋ ያልተከበረችዋን ዳንሰኛ በገላዋ ተሸክማ ትደንሳለች፤ ተዋናይቷ ደግሞ ዳንሱ ከተከበረ በኋላ የተወለደች፣ የዳንሰኞች ቤተሰብ ልጅ ናት። ለዚህ ሚና ከሾባና የተሻለ ሰው ማግኘት ይቻል ነበር ብዬ አላምንም።


ትርጉም ተራኪው (ጀሞ)

እኔ ኑሮዬ የውጭ ፊልም በአማርኛ መተረክ ስለሆነ ጥቂት ቅሬታ ይፈቀድልኝ። ከላይ ያሉት ሁሉ ስለ ዓይን ይናገራሉ፤ ስለ ድምፅ የተናገረ የለም። በዚያ ፊልም ላይ የምትሰሙት ድምፅ የሾባና አይደለም። በደቡብ ሕንድ ፊልም ተዋናይቱ ሌላ፣ ድምፅ አልባሽዋ ሌላ መሆን የቆየ ልማድ ነው። ጋንጋን የተናገረችላት ባግያላክሽሚ የምትባል የታወቀች የማላያላም ድምፅ አልባሽ ናት፤ የናጋቫሊን የታሚል ንግግር ደግሞ ዱርጋ የምትባል ሌላ ሴት ናት ያደረገችው። ለብዙ ዓመታት ሁሉም ነገር የመጀመሪያዋ ተደርጎ ሲወራ ኖሮ፣ የታሚሉ ክፍል የዱርጋ መሆኑ ይፋ የወጣው ቆይቶ ነው። እንግዲህ ብሔራዊ ሽልማት ሲሰጥ ለፊቷ ነው ወይስ ለድምፁ? እኛ ተራኪዎች ስማችን በማይጻፍበት ሥራ ላይ ስለምንውል ይህ ይቆረቁረኛል።

ሌላም ጥፋት ልናዘዝ። ዋናው ፊልም ላይ ጋንጋ ማላያላም ትናገራለች፤ ናጋቫሊ ስትመጣባት ግን አንደበቷ ወደ ታሚል ይዞራል። ሁለቱ ቋንቋዎች ለእኛ አማርኛና ትግርኛ እንደሚቀራረቡት ዓይነት ዘመዳሞች ስለሆኑ ተመልካቹ ግማሹን እየተረዳ ግማሹ ያመልጠዋል፤ ፍርሃቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። በሂንዲው ቅጂ ዳንሰኛዋን ቤንጋሊ አድርገው ያንኑ ለማቆየት ሞክረዋል። እኔ ቅጂውን ስተርክ ግን ጊዜ አጥሮኝ፣ ሁለቱንም በአንድ አማርኛና በአንድ ድምፅ አሳለፍኋቸው። እህቴ፣ ያለ ትርጉም ስታዪው ለምን በተሻለ እንደገባሽ ይኸው ነው፤ እኔ አልደፈንሁብሽማ።


ቼናይ የከረመው (ገላን)

ወንድሜ፣ ቅሬታህ ተገቢ ነው፤ ያን ያህል ግን ሽልማቱን አያናጋውም። የመጨረሻውን ዳንስ ድምፁን ዘግተህ እየው። ካሜራው በሁለት ዓለም መካከል ይመላለሳል፤ በአንዱ ውስጥ ጌጥ ለብሳ በአደባባይ የምትደንስ የታንጃቩር ባለሙያ ናት፣ በሌላው ፀጉሯ የተበተነ፣ ሰው እየተሳቀቀ የሚያያት የታመመች ሚስት ናት። እርምጃው አንድ ነው፤ የእጁ ቋንቋ አንድ ነው። በአንዱ ውበት የሆነው በሌላው ሕመም ይሆናል። ይህ በድምፅ የሚሠራ አይደለም።

ቅጂዎቹን በተመለከተ፣ በካናዳ ቋንቋ በ2004፣ በታሚል በ2005፣ በሂንዲ በ2007 ተሠርቷል፤ በቤንጋሊም አለ። ሚናውን በካናዳው ሳውንዳርያ፣ በታሚሉ ጆቲካ፣ በሂንዲው ቪድያ ባላን ተጫውተውታል። ሳውንዳርያ ፊልሙ ሳይወጣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ በአውሮፕላን አደጋ ሞተች። ሁሉም ጥሩ ተዋናዮች ናቸው፤ የሚለያቸው ዳንሱን ለፊልሙ ብለው ያጠኑት መሆኑ ነው። ሾባና ግን ያንን እርምጃ ይዛው ነው የመጣችው።

«ዳንሱን ብትወስዱባት ምን ይቀራታል?» ለሚል ሰው ደግሞ መልሱ በ2002 የወጣው «ሚትር፣ ማይ ፍሬንድ» ነው። አዘጋጅዋ ራሷ የታወቀች ተዋናይት የሆነችው ሬቫቲ ናት፤ ከካሜራ ጀርባ የተሰለፉትም ሴቶች ነበሩ፤ ቋንቋው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ሾባና የተጫወተችው አግብታ ካሊፎርኒያ የሄደችን፣ ልጇ እየራቀቻት የምትሄድን የቤት እመቤት ነው። ናጋቫሊ የለችም፣ አልጋ የሚነሳበት ቦታ የለም። ለዚህም ሁለተኛውን ብሔራዊ ሽልማት ከሂንዲ ፊልም ተዋናይቱ ከታቡ ጋር በጋራ አገኘች። የ1993ቱ ሽልማት ስለ ትልቁ ፊት ከሆነ ይህኛው ስለ ትንሹ ፊት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በ2006 መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ኒሻን፣ በ2025 ደግሞ ከእሱ ከፍ የሚለውን ፓድማ ቡሻን ሰጣት። በ2013 «ቲራ»፣ በ2020 «ቫራኔ አቫሽያሙንድ» የተባሉ የማላያላም ፊልሞችን ሠርታለች፤ በሁለተኛው ላይ ከጎኗ የነበረው ሱሬሽ ጎፒ፣ ያው በ1993ቱ ፊልም ባሏን የተጫወተው ነው። በ2025 ደግሞ «ቱዳሩም» ላይ ከሞሃንላል ጋር ተመልሳ ታየች፤ እሱ በ1993ቱ ፊልም ሐኪሙን የተጫወተው ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት ባዶ አይደሉም፤ ከተማሪዎቿ ጋር በመድረክ የምታቀርባቸውን ትልልቅ የዳንስ ትርኢቶች የምታዘጋጀው ያኔ ነው። ቼናይ በየዓመቱ ከታኅሣሥ እስከ ጥር የሚቆይ የሙዚቃና የዳንስ ወቅት አላት፤ አዳራሾቹ ከጥዋት እስከ ማታ አይዘጉም፤ የከተማው ዳንሰኛ ሁሉ ዓመቱን የሚቆጥረው በእሱ ነው።


የኮዬዋ አሠልጣኝ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የፓድሚኒን ነገር ለእናቴ ስነግራት ራጅ ካፑርን አስታውሳ ዘፈኑን በዜማ ብቻ፣ ያለ ቃል፣ እስከ መጨረሻው አወጣችው። የሰበታዋ እህቴ የጻፈችውን ደግሞ ለልጅቷ እናት አነበብሁላት፤ «የእኛም ሰፈር ሰው እንዲሁ ነው» ብላ ዝም አለች።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ሾባና 14 ዓመቷ ላይ ፊልም ስትጀምር ከጀርባዋ የዳንሰኞች ቤተሰብና ሁለት ታላላቅ መምህራን ነበሯት። ለእኔዋ ልጅ ከጀርባዋ ያለነው እኔና አንድ ኮሚናል ነን፤ እሱም ሰርግ ወይም ለቅሶ በመጣ ቁጥር ይወሰድብናል። ባራታናትያም ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደረ ትምህርት አለው፤ እኛ የምናስተምረው በማየት ነው፤ «እንዲህ አድርጊ» ብለን እናሳያለን፣ የያዘ ይይዛል። ፊልሙ ልጅቷን ሲወስዳት የምትመለስበት ምን ይኖራል? ሾባና ሁለቱን መያዝ የቻለችው ችሎታዋ ስለበለጠ ብቻ ነው ወይስ ዳንሱ ራሱ የሚጠብቃት ቤት ስለነበረው?


ቼናይ የከረመው (ገላን)

ጥያቄሽ ከእኛ መልስ የተሻለ ሆነ። አዎን፣ ቤት ስለነበረው ነው እላለሁ። የባራታናትያም ትርኢት የታወቀ ቅደም ተከተል አለው፤ ከአጭሩ የመክፈቻ ዳንስ ተነስቶ፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈጀውን «ቫርናም» አልፎ፣ በፈጣኑ «ቲላና» ይዘጋል። ይህን ሥርዓት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ያደራጁት የታንጃቩር ቤተ መንግሥት አራት ወንድማማቾች ናቸው። ስለዚህ ዳንሰኛዋ ሦስት ወር ቀረጻ ላይ ቆይታ ብትመለስ የት እንዳቆመች ታውቃለች።

ለእኛ ይህን በአንድ ቀን ማምጣት አይቻልም፤ አንድ ነገር ግን መጀመር ይቻላል። ልጅቷ የምትሠራውን እስክስታ ከፍለሽ ጻፊው፤ የአንገቱን ለብቻ፣ የትከሻውን ለብቻ፣ የትንፋሹን ለብቻ። ለእያንዳንዱ ስም ስጪው፤ የጎጃሙና የወሎው የሚለያዩበትንም አብረሽ መዝግቢ። ወላጆቿም ድራማውን ከፈቀዱ የቀረጻው ቀን የቅዳሜውን ጥዋት እንዳይነካ ከመፈረማቸው በፊት ያስገቡ። ቀረጻ ሰዓት አያከብርም፤ እኔ ቼናይ አንድ የጎዳና ቀረጻ ለማየት ከጥዋቱ 2 ሰዓት ቆሜ ካሜራው የተነሳው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው።

ከፈቀድሽ ከገላን ኮዬ ሩቅ ስላልሆነ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልምጣ። ስመለስ የገዛሁት፣ በቆዳ ላይ የተሰፋ የቁርጭምጭሚት ሻኩራ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጥቷል። ዱላውንና ግንዱንም አመጣለሁ። ለእስክስታ ሳይሆን ለሐሙሱ ትምህርት፤ ልጆቹ ተቀምጠው ዓይናቸውን ብቻ በምት እንዲያንቀሳቅሱ።


የኮዬዋ አሠልጣኝ

በደስታ። ቅዳሜ ከጥዋቱ 3 ሰዓት እንጀምራለን። ከቱሉ ዲምቱ በኩል ከመጣህ መጨረሻ ላይ ወርደህ የኮሚናሉን ቆርቆሮ ጣሪያ ጠይቅ። ልጅቷ ትናንት የአልጋውን ትዕይንት ስልኬ ላይ አራት ጊዜ አየችውና፣ ከዚያ መስታወት ፊት ቆማ ቅንድቧን ብቻ ስታነሳና ስታወርድ አመሸች። ከሰርግ ጋር ካልተጋጨን ኮሚናሉ ክፍት ነው፤ ቀለበት ያሰረ ጎረቤት እንዳለ ግን ሰምቻለሁ፤ እሱ ከሆነ ሜዳው ላይ እንሠራለን።